ለመጎተትም ለማደርም

እኔና ባለቤቴ በመኸር ወቅት የጤፍ መውቂያ ማሽን እየጎተትን ከአምቦ እስከ ሸነን በየገበሬው ማሳ እንዞራለን። ማሽኑን የሚጎትት፣ ማታ ደግሞ የምናድርበት መኪና ስንመርጥ ተጣላን። እሱ ሚኒባስ አለ፤ አይንጥም፣ ለአልጋም ይመቻል። እኔ ሥሩ ገብቼ አየሁት። ክብደቱን የሚሸከም ራሱን የቻለ ሻንሲ የለውም፤ የመጎተቻው መንጠቆ የሚበየደው ቆርቆሮ ላይ ነው። «ይሄንንማ ማሽኑ ገንጥሎት ይቀራል!» ብዬ ጮኽኩበት። ወፍራም የብረት ሻንሲ ያላት አሮጌ የጭነት መኪና አስገዛሁት፤ ከኋላዋ አልጋና ምድጃ ያለው ክፍል አሠራንባት። ማሽኑን ይዛ የጉደርን ዳገት ስትወጣ ደስ አለኝ። እሱ ግን ገና ሳይተኛባት ወገቡን ማሸት ጀመረ።

ሸነን ስንወቃ ውለን አልጋችንን ስናነጥፍ ባለ ማሳው መጣ። «ኦቦ፣ እኔ ቤት እያለኝ መኪና ውስጥ ልታድሩ? ጎረቤት ምን ይለኛል?» ብሎ ትራሳችንን ይዞብን ሄደ። በሄድንበት ሁሉ እንዲሁ ሆነ። አልጋችን ላይ እስካሁን የተኛው የጤፍ ጆንያ ብቻ ነው።

ባሌ ግን ዛሬም ላገኘው ሰው ሁሉ፣ «ለእንቅልፍ እንኳ ሚኒባሱ ይሻል ነበር» ይላል።