እትዬ ብዙነሽ ሲገቡ የጮኸው መለኪያ

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ነው። ያኔ መንገዱ እንደ ዛሬው በእኛ ሰው ሱቅና ምግብ ቤት አልሞላም ነበር። ብዙ ዓመት አልፎታል፤ ያን ቀን ሳስበው ግን አሁንም ልቤ ድው ድው ይላል። በአንድ ምሳ ሰዓት ውስጥ እንደዚያ ፈርቼም፣ አፍሬም፣ ተደስቼም አላውቅም።

መጀመሪያ ሥራዬን ልንገራችሁ፤ የጣጣው ሁሉ መነሻ እሱ ነውና። ሃውቶርን ውስጥ በአንድ አነስተኛ ላብራቶሪ ቴክኒሻን ነበርኩ። ሥራችን ለኑክሌር ኃይል ማመንጫ የሚገዙ ዕቃዎች ጨረር ይችሉ እንደሆነ መፈተን ነው። ኬብል፣ ስዊች፣ የቫልቭ ጎማ፣ ትንንሽ ሞተር ይመጣልናል። ግድግዳው በጣም ወፍራም በሆነ የኮንክሪት ክፍል ውስጥ ደርድረነው፣ በሩን ቆልፈን እንወጣለን። ከዚያ ኮባልት የሚባለው ነገር ከተቀመጠበት ውሃ ውስጥ በማሽን ይነሣና ጨረሩን ይለቅበታል። ዕቃው በማመንጫው ውስጥ ዕድሜ ልኩን የሚያገኘውን ጨረር፣ አደጋ ቢደርስ የሚመጣበትን ጨምረን፣ በአጭር ጊዜ እናጠጣዋለን።

ስናወጣው መብራት እንሰጠዋለን። ይሠራል ወይስ አይሠራም? ኬብሉን እናጥፈዋለን። የአንዳንዱ ልባስ እንደ ደረቅ ቂጣ ፍርክስክስ ይላል፤ ሌላው ምንም እንዳልነካው ይታጠፋል። አንድ ሞተር ያን ሁሉ ችሎ፣ ቁልፉን ስንጫነው እምም ብሎ ሲነሣ፣ ፈረንጆቹም እኔም እንደ ኳስ ተመልካች እንጮህ ነበር። ሥራዬን እወደው ነበር።

ሰው ግን አልገባውም። የቼርኖቤል አደጋ ወሬ ገና ከአፍ አልጠፋም። ጓደኛዬ ሙላቱ ታክሲ ነጂ ነው፤ በሄድንበት ሁሉ "ግርማ መብራት አይከፍልም፣ ራሱ ያበራል" እያለ ሰው ያስቅብኛል። እኔም አብሬ እስቅ ነበር፤ ሶስናን ለማግባት ሽማግሌ እስክልክ ድረስ።

ሶስና ዌስትቼስተር በሚገኝ ሆቴል ውስጥ ትሠራለች። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተችባት ያሳደጓት አክስቷ እትዬ ብዙነሽ ናቸው፤ የሚኖሩትም አብረው ነው። እትዬ ብዙነሽ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ አንዴ ከተናገሩ የማይመለሱ ሴት ነበሩ። ሙላቱ ሌላ ትልቅ ሰው ይዞ ሄዶ ጠየቀልኝ። መልሳቸውን ሊነግረኝ ሲመጣ ግን የወትሮው ሳቅ ፊቱ ላይ አልነበረም።

"'ልጁ ጨዋ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ግን ከዚያ እሳት ጋር ሲውል የሚከርም ሰው ልጅ ይወልዳል? ቢወልድስ ምን ሊወልድ ነው? ልጄን አልሰጥም' ብለውሃል" አለኝ።

ሶስና አለቀሰች፣ ለመነች፣ አስረዳች። አልሰማም አሉ። መጨረሻ ላይ ሲሰለቻቸው "እሺ፣ እሱው ራሱ ፊቴ ቀርቦ ያስረዳኝ" ስላሉ ፌርፋክስ ላይ በአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ምሳ ተቀጣጠርን።

እኔም አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ከላብራቶሪው የጨረር መለኪያዎች አንዱ በትክክል መለካቱ እንዲመረመር ቶራንስ ከተማ ተልኮ ነበር፤ በቀጠሮው ቀን ጠዋት ሄጄ የማመጣው እኔ ነኝ። በእጅ የሚንጠለጠል ሣጥን ነው፤ ጨረር ሲያገኝ ጠቅ ጠቅ ይላል። አለቃዬን ኬንን "ወደ ላብራቶሪው ከመመለሴ በፊት ለአንዲት እናት ባሳያቸውስ?" ብዬ ጠየቅሁት። ምክንያቱን ስነግረው እስኪያነባ ሳቀ። "ኦኬ፣ ከእጅህ ግን እንዳይወጣ" አለኝ። ጨረር ከጠጣ ኬብል ቁራጭ ቆርጦም ሰጠኝ።

ከቶራንስ መለኪያውን ተቀብዬ ፌርፋክስ ደረስኩ፣ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ገባሁ። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ጠረጴዛው ሁሉ ሰው ይዞታል። ሶስናና ሙላቱ ቀድመውኛል። እትዬ ብዙነሽ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደርሼ እመጣለሁ ብለው ስለነበር በአውቶብስ እየመጡ ነው ተባለ።

ሙላቱ መጠበቅ አልቻለም። "እስቲ እኛ ላይ ሞክረው" አለ።

መለኪያውን ከፈትኩት። ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ...

"እና ይሄ ምንድነው? አለብህ ማለት ነው?" አለኝ።

"ይሄ የትም ቦታ ያለ ነው። ከመሬቱም ከሰማዩም ይመጣል፤ ያንተ ታክሲ ውስጥም አለ።" ደረቴን፣ እጆቼን፣ ጫማዬን አስነካሁት። ምንም አልጨመረም። የኬብሉን ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ አስጠጋሁት። አሁንም ያው ነው።

ሙላቱ ኬብሉን በጣቱ ነካ አደረገና "ታዲያ ያ ሁሉ ጨረር የት ገባ?" አለኝ።

"ፀሐይ ላይ የዋለ ልብስ ራሱ ፀሐይ ይሆናል እንዴ? ጨረሩ ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋል፤ ውስጡ ግን አይቀርም።"

ከጎናችን ያሉት ሰዎች መብላታቸውን ትተው ያዩናል። አንዱ "እኔንም ለካኝ" ብሎ ክንዱን ዘረጋ። የቤቱ ባለቤት፣ ሞቅ ያለች ሴት ናት፣ ከጓዳ ወጥታ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትስቃለች። ሶስና እግሬን ከጠረጴዛው ሥር ነካ አደረገችኝ። እንዲህ ባለ ሁኔታ እትዬ ብዙነሽን ማሳመን ምን ያቅተኛል? ብዬ ልቤ ሞላ።

በሩ ተከፈተና እትዬ ብዙነሽ ገቡ። ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው ቀስ እያሉ ወደ እኛ መጡ። ሁላችንም ብድግ አልን። መለኪያው እጄ ላይ እንዳለ ነው።

ጠቅ ጠቅ አለ። ከዚያ ጠቅጠቅጠቅጠቅ አለ። ጠረጴዛው ጋ ሲደርሱማ ድስት ውስጥ እንደሚፈነዳ ፈንዲሻ ተንጣጣ፤ መርፌው እስከ ጥግ ሄዶ ተመለሰ።

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየን። መለኪያው አላቆመም።

"ግርሜ፣ ምን ጉድ ነው?" አለ ሙላቱ፤ ወንበሩን ወደ ኋላ እየሳበ።

እትዬ ብዙነሽ ባሉበት ቆሙ። "ይሄ ነው እንግዲህ ያ እሳትህ?" አሉኝ።

መለኪያውን ወደ ራሴ አዞርኩት፤ ይጮሃል። ወደ ጫማዬ፤ ይጮሃል። አንድ ነገር ከላብራቶሪው ይዤ ወጥቼ ይሆን? ከሶስና ጎን ስቀመጥ አስነክቻት ይሆን? ክንዱን የዘረጋልኝ ሰውዬ የጎረሰውን ሳይውጥ በሩን ከፍቶ ወጣ። ሌሎቹም እየተነሡ ነው። የቤቱ ባለቤት "አንተ ልጅ፣ ምን ይዘህብኝ መጣህ? እንጀራዬን ልትዘጋው ነው?" ብላ ጮኸችብኝ።

ማድረግ የቻልኩት ወደ ውጭ መሮጥ ብቻ ነው። የእግረኛ መንገዱ ላይ ቆሜ ራሴን ከጫማ እስከ ፀጉር ለካሁ። ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ... ምንም የለም። ደግሜ ለካሁ። የለም! መኪናዬን፣ እጄን፣ ኪሴን፤ የለም! እኔ አይደለሁም። ከደስታ ብዛት ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ። ግን እኔ ካልሆንኩ ማነው?

ተመልሼ ገባሁ። በሩ ላይ ጨመረ፤ ወደ ጠረጴዛችን ስጠጋ ባሰበት። በሙላቱ በኩል ሳዞረው ይቀንሳል፣ በሶስና በኩል ይቀንሳል። እትዬ ብዙነሽ ወደተቀመጡበት ሳዞረው ይንጣጣል። እንዲህ ያለ ነገር ለትልቅ ሰው እንዴት ይነገራል? ድምፁን ዘግቼ ጓዳው አጠገብ ወዳለው ስልክ ሄድኩና ለኬን ደወልኩ። እየተንተባተብኩ ነገርኩት። እሱ ግን አልደነገጠም።

"ሴትየዋ ዛሬ ሐኪም ቤት ሄደው እንደሆነ ጠይቃቸው" አለኝ። "ለምርመራ ጨረር ያለው መድኃኒት ይወጋሉ። በጥቂት ሳምንት ከሰውነት ይጠፋል። ማንንም አይጎዳም፣ ተረጋጋ።"

ተመልሼ እትዬ ብዙነሽ አጠገብ በርከክ አልኩና በጆሯቸው "እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ዛሬ ሐኪም ቤት ሄደው ነበር?" አልኳቸው።

ፊታቸው ተለወጠ። ሶስናን በጎን አየት አደረጓትና "ማን ነገረህ?" አሉኝ፣ በሹክሹክታ።

"ይሄ ሣጥን ነው የነገረኝ።"

እጄን ጭብጥ አደረጉት። "ልቤ ነው፤ ካመመኝ ሰንብቷል። ልጄ ሥራዋን ትታ ልትቀመጥ ነው ብዬ ደብቄያታለሁ። ደግሞ ከሰዓት በኋላ ተመለሺ፣ እስከዚያ እህል እንዳትቀምሺ ብለውኛል። እባክህ እንዳትነግራት።"

አሁን ምን ላድርግ? ዝም ካልኩ ጨረር ተሸክሞ የሚዞር ሰው ተብዬ ቀረሁ፤ ሶስናም ቀረች። ከተናገርኩ አንዲት እናት የለመኑኝን ምስጢር አደባባይ አወጣሁ። ተነሣሁና ለሰዉ ሁሉ "የሚያስፈራ ነገር የለም፣ ማንም አልተጎዳም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እዚህ ይዤው መምጣት አልነበረብኝም" አልኩ።

ያን ጊዜማ ባሰባቸው። "ነግሬህ ነበር!" ይላል አንዱ። "ልጆች አሉን እኮ!" ትላለች ሌላዋ። የቤቱ ባለቤት በሩን ከፍታ በእጇ ወደ ውጭ አሳየችኝ። ሶስና ከተቀመጠችበት ታየኛለች፤ ከሁሉ የከፋብኝ የእሷ አስተያየት ነበር። መለኪያዬን አንሥቼ ወደ በሩ ሄድኩ።

"ተዉት!"

እትዬ ብዙነሽ ጠረጴዛውን ተደግፈው ቆመዋል።

"ተዉት ብያለሁ! እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ! ያ ነገር የሚጮኸው በእኔ ነው። ጠዋት ሐኪም ቤት ነበርኩ። በሚሮጥ ምንጣፍ ላይ አቁመው እንደ በቅሎ አስሮጡኝ፣ መድኃኒት ወጉኝ፣ ልቤን ፎቶ አነሡት፤ ከሰዓት በኋላም ለሌላ ፎቶ ተመለሺ ብለውኛል። ልጁ ይሄን እያወቀ ነው ስለ እኔ የተሰደበው።"

የቤቱ ባለቤት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሶስና ግን ከወንበሯ እንዴት እንደተነሣች አላየሁም፤ አክስቷን አቅፋ ስታለቅስ ብቻ አየኋት።

"እቴቴ! ቤተ ክርስቲያን ነው ያልሽኝ እኮ! ብቻሽን? በአውቶብስ?"

"ተሳልሜም ነው የሄድኩት፤ አልዋሸሁም" አሉ እትዬ ብዙነሽ። ሰዉ ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። የቤቱ ባለቤት ሮጣ መጥታ ሁለቱንም ጉንጬን ሳመችኝ። የወጡት ሰዎችም እየሳቁ አንድ በአንድ ተመለሱ።

ሶስና ግን አልሳቀችም። "ስንት ሰዓት ነው ተመለሺ ያሉሽ?" ስትላቸው ሰዓቱ ደርሷል። ምሳው ቀረ። አራታችንም የሙላቱ ታክሲ ውስጥ ገባን፤ መለኪያውን እኔ ታቅፌዋለሁ። ሙላቱ እንደዚያ ቀን ሲነዳ አይቼው አላውቅም። ሶስና አክስቷን አንዴ ትቆጣለች፣ አንዴ ትስማለች። እትዬ ብዙነሽ ደግሞ ከኋላ ሆነው "እስቲ ያንን ነገር ክፈተው፣ ስጮህ ልስማ" አሉኝ። ስከፍተው እንደ ሕፃን ሳቁ።

ሁለተኛው ፎቶ ከተነሣ በኋላ ሐኪሙ ሶስናን አስገብቶ አናገራት። ለልባቸው ደም የሚያመላልስ አንዱ ሥር ሊዘጋ ደርሶ ነበር። እትዬ ብዙነሽ ብቻቸውን ቢሆኑ ሐኪሙ ያላቸውን ግማሹን አይሰሙትም፣ የሰሙትንም አይነግሩንም ነበር። ብዙ ሳይቆይ ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። ያን ዕለት መተላለፊያው ላይ ስንጠብቅ አንድ ሰው መጥቶ "ደህና ናቸው" ሲለን ሙላቱና እኔ ተቃቅፈን ዘለልን፤ ነርሷ ተቆጣችን።

ሲነቁ መጀመሪያ ያስጠሩት ሶስናን ነው፤ ቀጥሎ እኔን። ድምፃቸው ደካማ ነበር። "አንተ ልጅ፣ ብትናገር ምን ነበረበት? ተሰድበህ ልትወጣ?" አሉኝ። "ለምነውኛላ" አልኳቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑና "ሠርጉን አታዘግዩት" አሉ።

አላዘገየነውም። ሦስት ልጆች ወለድን፤ ሦስቱንም እትዬ ብዙነሽ ናቸው አዝለው ያሳደጉልን። ያረፉት ሸምግለው፣ ጠግበው ነው።

ያን ቀን ሳስታውስ ሳቁም ፍርሃቱም ይመጣብኛል፤ አብልጦ የሚመጣብኝ ግን እኔ በሩ ጋ ደርሼ እሳቸው ጠረጴዛውን ተደግፈው ሲነሡ ነው። ያን ያህል የደበቁትን ገመናቸውን፣ አልፈልገውም ላሉት ሰው ሲሉ ሙሉ ቤት ፊት አወጡት። ዝም ቢሉ ማንም አያውቅባቸውም ነበር። ለልጆቼ ስለ አያታቸው ስነግራቸው የምጀምረው ከዚያ ነው፤ በነገርኳቸው ቁጥርም ደስታው እንደ አዲስ ይመጣብኛል።