የልብስ ሰፊው ግማሽ ዜማ

ሰውዬው ልብስ ሰፊ ነው፤ ያውም ጠንቃቃ። ትንሽ የተጣመመ ስፌት ካየ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ፈትቶ ሀ ብሎ ይጀምራል። ደንበኞቹም የሚወዱት ለዚሁ ነው። ጉዱ የመጣው አኮርዲዮን የገዛ ጊዜ ነው።

ሃምሳ ዓመት ሲሞላው ከአንድ ጡረተኛ አስተማሪ አሮጌ አኮርዲዮን ገዛና ግቡን ካርቶን ላይ ጽፎ፣ ከደንበኞቹ ልኬት አጠገብ በስፒል ሰካው፦ «አንድ ዜማ፣ ያለ አንዲት ስህተት፣ እስከ መጨረሻው።» ቀንም ቆረጠለት፤ ሦስት ወር። ወይ ሦስት ወር! ይኸው አራት ዓመት ሞላው። ካርቶኑ ላይ ያልተሰረዘ ቀን የለም።

ምን እያደረገ መሰላችሁ? ጣቱ ትንሽ ከሳተች ያቆማል። ልክ እንደ ስፌቱ ፈትቶ ከመጀመሪያው ይነሳል። የሚስተው ደግሞ ሁልጊዜ እዚያችው አንዲት መታጠፊያ ላይ ነው። እንዲህ ሲል ሲል ሰፈሩ በሙሉ የዜማውን ግማሽ በቃሉ ያዘ። ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ እንኳ ሥራው ላይ ሆኖ ሳይታወቀው ያፏጨዋል፤ እዚያች ቦታ ሲደርስ እሱም ጸጥ ይላል።

«አንተ ሰውዬ፣» ትለዋለች ሚስቱ፣ «ይሄ ነገር መጨረሻ አለው ወይስ ዝም ብለህ ነው የምታደርቀን?»

«ትዕግስት የለሽም እንጂ!»

«አራት ዓመት ሙሉ! ከዚህ በላይ ትዕግስት ከየት ላምጣልህ?»

እሱ ይስቅና ቀኑን ሰርዞ ሌላ ይጽፋል።

በዚህ መሃል አንዲት ልጁ ሩቅ ከተማ ሥራ አገኘች። ቅዳሜ ምሳ በልታ ልትሄድ ነው። የሻንጣዋን ዚፕ ሲጠግንላት አጠገቡ ቁጭ አለችና፣ «አባዬ፣ መጨረሻውን ሳልሰማው ልሄድ ነው?» አለችው። ካርቶኑ ላይ «ቅዳሜ» ብሎ ጻፈና ሁለቴ አሰመረበት። ያን ሳምንት ሱሪዬ ደረሰልኝ ወይ ብሎ የመጣ ሁሉ «ነገ» እየተባለ ተመለሰ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አኮርዲዮኑን አቅፎ ተቀመጠ። ግማሹን እንደ ውሃ አንቆረቆረው። እዚያች መታጠፊያ ላይ ሲደርስ፣ አይ ጣት፣ ሳተች። እጁ ቆመ። ከመጀመሪያው ሊነሳ ሲል ልጁ ክንዱን ያዝ አደረገችው።

«አባዬ፣ በሞቴ አትፍታው። ቀጥል።»

ስህተትን እያዩ ማለፍ! በዕድሜው አድርጎት አያውቅም። ዓይኑን ጨፍኖ ቀጠለ። የቀረው ለካ አጭር ኖሯል፤ ገና ከመጀመሩ አለቀ።

«በቃ?» አለች ሚስቱ። «ለዚህች ቁራጭ ነው አራት ዓመት ያሰቃየኸን?» ትስቃለች፤ በእጇ ጀርባ ደግሞ ዓይኗን ትጠርጋለች።

በሳምንቱ ልጁ ደወለች። እያወራችው ሳህን ታጥባለች። ወሬው ጋብ ሲል ያንን ዜማ ታንጎራጉር ጀመር፤ እስከ መጨረሻውም ሄደች። እሱ የሳታት ቦታ ላይ እሷም ልክ እንደሱ ሳተች። ሊያርማት አፉን ከፈተና ተወው።

ስትጨርስ፣ «እስቲ ድገሚልኝ» አላት።