ቁጥሯ እስኪጠራ

ዛሬ ክሊኒክ ተራ ስንጠብቅ እናቴን ትንፋሽ አጠራት። ዙሪያዋን የተቀመጠው ሰው ሁሉ ግን የሚያየው ቁጥር የሚጠራበትን ስክሪን ነበር።

እኔም ጭምር። "ተራሽ ሊደርስ ነው እማዬ፣ ትንሽ ታገሺ" እላታለሁ።

ሥራዬ ወረፋ ማጥናት ነው፤ ዩኒቨርሲቲም የማስተምረው እሱኑ ነው። (ሀይሌ ጋርመንት የታክሲ ሰልፍ ላይ ግን ሁሌም ይቀድሙኛል።) ይሄን የቁጥር አሠራር ለክሊኒኩ ያጠናሁለትም እኔው ነኝ። ግፊያና ጭቅጭቅ ቀረ ብዬ ስኮራበት ነበር።

በፊት በሩ ላይ ቆመን ስንሰለፍ፣ ደከም ያለ ሰው ከታየ "ኧረ እናት ይለፉ!" የሚል አይጠፋም ነበር።

ዛሬ ከስክሪኑ ቀና ያሉት አንዲት ትልቅ ሴት ብቻ ናቸው። "አንተ! እናትህ ትንፋሽ አጥታ ቁጥር ትጠብቃለህ?" ብለው ጮሁብኝ። ያኔ ነው ተሸክሜያት ወደ ዶክተሩ ክፍል የሮጥኩት።

አሁን ኦክስጅን ላይ ናት። እኔ ደግሞ ነገ፣ ሌሎች ክሊኒኮችም ይሄንኑ አሠራር እንዲወስዱት ገለጻ አለብኝ። እኚያ ሴት የሌሉበት ክሊኒክስ? እያልኩ ኮሪደሩ ላይ ቆሜያለሁ።

እናንተስ፣ ወረፋ ላይ ቀና ብሎ ያያችሁ ሰው አለ? ጻፉልኝ እስቲ። ዶክተሩ እስኪወጣ ዓይኔን የማሳርፍበት ነገር አጥቻለሁ።