በመስኮቴ ላይ የቀረችው እሬት

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ሩት ከአርባ ምንጭ ስትመጣ ቅጠሉ የወፈረ፣ ለቤት ውስጥ የሚሆን ተክል በትንሽ ሸክላ ይዛ መጣች። "አክስቴ፣ በየቀኑ እያጠጣሁት ለምን ይረግፋል?" አለችኝ። ጣቴን አፈሩ ውስጥ ብሰደው ጭቃ ነው። አብረን አፈሩን ስንለውጥ ለሩት የወጣትነቴን ታሪክ አጫወትኳት።

ያኔ ከጎፋ መጥቼ ጂንካ ገበያ ዳር ልብስ እሰፋ ነበር። አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ ራሴን ችዬ እኖራለሁ። ቆላ ባለችው በካኮ ከተማ ገበያ በሚውልበት ቀን የሰፋሁትን ይዤ በጭነት መኪና እወርዳለሁ። የጂንካ ጭቃ ከኋላ ይቀርና አየሩ እየሞቀ፣ መንገዱ አቧራ እየሆነ ይሄዳል። ዝናብ በጠፋበት በአንዱ በጋ ሳሩ ሁሉ አመድ መስሎ ሳለ፣ መንገድ ዳር አንዲት እሬት ቅጠሏ ሞልቶ ቆማ አየሁ። ሾፌሩ ጎማ እስኪቀይር ከሥሯ ካቆጠቆጡት አንዷን ነቅዬ በነጠላዬ ጠቀለልኩ።

የዘይት ቆርቆሮ በምስማር በስቼ ተከልኳት። እንዴት እንደምትያዝ ያስተማረኝ የለም። መጀመሪያ ውሃ አብዝቼባት ሥሯ መበስበስ ሲጀምር ነቀልኳት፤ ጥላ ውስጥ አድርቄ፣ የወንዝ አሸዋ ከአፈር ጋር ቀላቅዬ እንደገና ተከልኳት። ከዚያ ወዲህ አፈሩ ክው ካላለ አላጠጣም። የጠዋት ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ አስቀምጬ አቧራዋን በእርጥብ ጨርቅ እጠርግላት ነበር።

በዚያው ዓመት ታምራት የሚባል አናጢ አጨኝ። መልካም ሰው ነበር፤ ከሥራ ሲመለስ የበሰለ ሙዝ ይዞልኝ ይመጣል። ሠርጉ ሲቃረብ እናቱ እትዬ ማርታ ከእሱ ጋር ቤቴን ሊያዩ መጡ። ትኩስ የበቆሎ ቂጣ በማር አቀረብኩ። እሳቸው ግን አልነኩትም፤ ዓይናቸው መስኮቱ ላይ ቀረ።

"ይሄ መቃብር ላይ የሚተከል አይደለም እንዴ?"

"ቤት ውስጥም ያድጋል፣ እትዬ።"

"እሱ ባለበት ቤት ልጄን አልድርም። ጣይው።"

"አልጥለውም።"

ታምራት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ለሰላም ብለሽ ተይው። ቅጠል አይደል?" አለኝ።

"ቅጠል ከሆነ ለምን ከበዳችሁ?"

ታምራት ቆርቆሮውን አንስቶ ወጣና አጥሩ ሥር ገለበጠው። ዛሬ እናቱ ስላልወደዱ እሬቴን ከቤቴ ያወጣ ሰው፣ ነገ ስፌቴን ባይወዱት የስፌት መኪናዬንም እንደሚያወጣ ታየኝ። እያዩኝ ወጥቼ ከጭቃው አነሳኋትና ወደ መስኮቷ መለስኳት።

ሊያስታርቁን ሽማግሌዎች መጡ። "በእሬት ትዳር ይፈርሳል፣ ልጃችን?" አሉኝ።

"የገለበጣት እሱ ነው። በእጁ መልሶ ይትከላት፣ ሠርጉ ይቀጥል" አልኳቸው።

ታምራት አልመጣም፤ ሠርጉም ቀረ። አላለቀስኩም ብል ውሸት ነው። ወሬው ሲዛመት ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ከአጠገቤ የሚቀመጥ ጠፋ። ከኋላ ወንበር መደበቁ ይቀለኝ ነበር፤ እኔ ግን እሑድ እሑድ ፊት ለፊት ወንበር ላይ እየተቀመጥኩ ዘመርኩ።

ሩት ታሪኩን ሰምታ አዘነችልኝ። ማዘን አያስፈልግም አልኳት። ስፌቱ አሳድሮኛል፤ ቤትም ሠርቼበታለሁ። በጂንካ ዛሬም "ለቅጠል ብላ ባል የተወች" የሚሉኝ አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ትቻለሁ። ዛሬም ቢሆን እተወዋለሁ።