የሁለት አያቶች ቅባት

የመጀመሪያ ልጃችን ስትወለድ ሁሉ ነገሯ ደህና ነበር፤ ቆዳዋ ብቻ ታጥቦ ማደርን አልወደደም። ከሳፋው ወጥታ ፎጣ ውስጥ ከገባች ትንሽ ቆይቶ እግሯ ነጭ ነጭ ይላል፣ የጉልበቷ እጥፋት ይቀላል፣ ጉንጯን ስነካው ጋራዥ ውስጥ የምጠቀምበትን ብርጭቆ ወረቀት ያስታውሰኛል። ከዚያ ማከክና ማልቀስ ነው።

እኔ መርሳ ውስጥ መካኒክ ነኝ። የሚንኳኳ ሞተር ከሩቅ ሰምቼ ሕመሙን እናገራለሁ። የምታለቅስ ሕፃን ፊት ግን እጄን አጣምሬ ከመቆም ሌላ የማውቀው አልነበረም።

ባለቤቴ የወሊድ ፈቃዷ አልቆ ወደ ማስተማሯ ስትመለስ፣ አማቴ ከጉባ ላፍቶ ደጋ አንድ ቅል ሙሉ ለጋ ቅቤ ይዘው ወረዱልን። ልጅቷን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩና፣

«ይቺ ልጅ ሌላ ምንም የላት፤ ቅቤ ነው የተራበችው» አሉ።

እሳቸው አገር ቅቤ ገላ ላይ ረግቶ ይውላል። መርሳ ላይ ግን ይቀልጣል። ለምሳ ስመጣ ልጄ አዲስ ቀለም እንደተቀባ መኪና ስታብረቀርቅ አገኘኋት። ላነሳት ብል እየተሙለጨለጨች እምቢ አለችኝ፤ በፎጣ ጠቅልዬ ነው የያዝኳት። የጎረቤት ድመትም በራችን ላይ ተቀምጣ አልነሳም አለች።

ወሬው እናቴ የምትኖርበት ቆላ፣ ግራና ከተማ ደረሰና፣ እሷም በጠርሙስ የሰሊጥ ዘይት ይዛ መጣች። ሁለቱ አያቶች ሲሳሳሙ አንዷ የሌላዋን ጉልበት ልትስም ትንሽ ቀራቸው፤ መከባበራቸው ለጉድ ነው። እናቴ ልጅቷን ተቀብላ አሸተተቻትና፣

«እሰይ፣ ቅቤዎ እንዴት ያምራል! ለዶሮ ወጥ ቢሆን እንዴት ያለ ነበር!» አለች።

አማቴ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩት። «የርስዎም ዘይት የጠራ ነው። መብራት ሲጠፋ ለኩራዝ ይሆነናል።»

እኔና ባለቤቴ ተያየን። ማን ደፍሮ ይገባል?

ከዚያ በኋላ ቤቱ ሰላም ሆነ። ቅቤውም ዘይቱም መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ክርክርም አልነበረም። የልጄ ቆዳ ግን ከቀን ወደ ቀን እየባሰበት ሄደ። ሌላም ያልገባኝ ነገር ነበር፤ ከወልድያ የገዛሁላት፣ ሽታው ከሩቅ የሚጣራ ሮዝ የሕፃን ሳሙና ገና ከመከፈቱ ያልቃል። ሌላ እገዛለሁ፣ እሱም ያልቃል።

«አይጥ ነው» አሉ አማቴ።

«አይጥ ነው» አለች እናቴም።

ሁለቱ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ስለሆነ አመንኩ። ወጥመድ ገዝቼ አጠመድኩ። የያዘው የራሴን አውራ ጣት ብቻ ነው።

በመጨረሻ ባለቤቴ «ወልድያ ወስደን እናሳያት» አለች። አያቶቹ እኛ እንቅር የሚሉ አልሆኑም፤ ሁላችንም ሚኒባስ ውስጥ ተጠቀጠቅን። ልጅቷ ማከክና መነጫነጭ ስትጀምር ተሳፋሪው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ እሬት ይቀባላት ይላል፣ ሌላዋ ጠበል ትጠመቅ ትላለች። ሲሪንቃን ስናልፍ ረዳቱ በመስኮት አንገቱን እንዳወጣ፣ የራሱን የፀጉር ቅባት እንድንሞክር መከረን። ፀጉሩ በእርግጥ ያማረ ነበር።

ክሊኒኩ ውስጥ የተቀበለችን ነርስ የልጄን እግርና ክንድ እያገላበጠች አየች።

«በቀን ስንት ጊዜ ትታጠባለች?»

«አንድ ጊዜ» አሉ ሦስቱም ሴቶች በአንድ አፍ። እንዲህ ስምም ያለ ቤተሰብ በመሆናችን ደስ አለኝ።

«ማን ነው የሚያጥባት?»

«እኔ» አሉ አማቴ።

«እኔ» አለች እናቴ።

«እኔ» አለች ባለቤቴ።

ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ነገሩ ቀስ እያለ ወጣ። እናቴ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም፣ አማቴ ዘይቱን በሳሙና ፈግፍገው አጥበው ቅቤ ይቀቧታል። ከሰዓት አማቴን ሸለብ ሲያደርጋቸው፣ እናቴ ቅቤውን በሳሙና አስለቅቃ ዘይት ትቀባታለች። ባለቤቴ ደግሞ ከሥራ ስትመለስ ልጇ ወጥ ወጥ ስለምትሸታት፣ ማንንም ላለማስቀየም ጓዳ አስገብታ እንደገና ታጥባታለች። ልጄ የምትታጠበውን ያህል በመርሳ ላይ የሚያልፍ አውቶብስ አይታጠብም።

ነርሷ ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎስ?»

«እኔ መካኒክ ነኝ» አልኩ።

ሳቋን ዋጥ አድርጋ ነገረችን። በየቀኑ መታጠብ የለባትም። ስትታጠብ ለብ ባለ ውሃ፣ ቶሎ ተብሎ። ሽታ የሌለው ሳሙና፣ እሱም የቆሸሸው ቦታ ላይ ብቻ፣ ትንሽ። በፎጣ አይታሽም፤ ነካ ነካ ነው። ገላዋ እርጥበቱ ሳይለቀው ደግሞ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ይቀባል። በተቆጣ ቆዳ ላይ ቅቤም ሆነ የወጥ ቤት ዘይት አይሆንም።

«እርጥቧን?» አሉ አማቴ እያማተቡ። «ብርድ ቢመታትስ?»

«መርሳ ላይ የምን ብርድ!» አለች እናቴ ቀልጠፍ ብላ። ወዲያው ግን የኩራዙ መልስ ትዝ አላት መሰለኝ፣ «ግን እውነታቸውን እኮ ነው፣ የልጅ ነገር ያስፈራል» ብላ አለሳለሰችው።

ቤት ስንገባ ትልቁ ጥያቄ መጣ፤ ማን ይጠባት? አማቴ ለእናቴ አይለቁም፣ እናቴ ለአማቴ አትለቅም፣ ባለቤቴ አንዷን ብትመርጥ ሌላዋ ትቀየማለች።

«አንተ እጠባት» አለችኝ ባለቤቴ።

ጥፍሬን ቆረጥኩ። ከጥቁር ዘይት ጋር የኖረ እጄን ደጋግሜ በዱቄት ሳሙና ፈገፈግኩ። ሁለቱ አያቶች ከሳፋው ግራና ቀኝ በርጩማ ይዘው ተቀመጡ፤ በዚያች ሰዓት የዘመናት ወዳጆች ሆኑ፣ ጠላታቸው እኔ ነበርኩ።

አማቴ ክርናቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩ። «ፈልቷል!»

የቆላዋ እናቴ ነከረች። «በርዷል!»

መሐል ላይ ነው ብዬ ልጄን አስገባኋት።

«አንገቷን!»

«ወገቧን ያዛት እንጂ፣ ጎማ መሰለችህ?»

እኔ ላብ በላብ ሆንኩ። ልጄ አንዴ አማቴን አንዴ እናቴን ታያለች። ቶሎ አወጣኋትና በፎጣ ነካ ነካ አደረግኳት፤ ቫዝሊኑን ገና ጭኗ ላይ ሳሳርፍ ከደረቴ እስከ ሆዴ ሸናችብኝ።

«ምርቃት ነው!» አሉ ሁለቱም አንድ ላይ፣ እየተደጋገፉ እስኪያስላቸው ሳቁ።

ለውጡ በአንድ ቀን አልመጣም። መጀመሪያ ማከኩ ተወት አደረጋት፣ ቀጥሎ የጉልበቷ እጥፋት መቅላቱን ተወ፣ ጉንጯ ለስልሶ ጎረቤት የሚስመው ሆነ። ደረቅ ነፋስ ሲነሳ ዛሬም ትንሽ ትሻክራለች፤ ያን ጊዜ ቫዝሊኑን በዛ እናደርግላታለን። ማጠቡ የእኔ ሥራ ሆኖ ቀረ። መርሳ ውስጥ የሚያውቁኝ ሾፌሮች ይህን ሲሰሙ «ልጅቷን ሰርቪስ አደረግካት?» እያሉ ያሾፉብኛል።

አማቴ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲነሱ እናቴን ካልወሰድኩ አሉ። እናቴም በሁለተኛው ልመና እሺ ብላ አብራቸው ደጋ ወጣች። እኔም በልቤ አሁን ገና በሰላም አጥባለሁ አልኩ። በማጠቢያዋ ቀን እጅጌዬን ሰብስቤ ልጄን ሳፋ ውስጥ እንዳስቀመጥኳት ስልክ ጮኸ። ባለቤቴ አነሳችና ድምፁን ከፍታ አጠገቤ አስቀመጠችው።

«ገባች?» አሉ አማቴ።

«ገብታለች።»

«በል ዝም ብለህ ቀጥል፣ እኛ እናዳምጣለን» አለች እናቴ፤ ትንሽ ቆይታም «ይኸው፣ የውሃው ድምፅ በዛ!» አለች።