የሸማኔው የያርጋል ወገብ

ያርጋል ባሌ ነው። ደባርቅ ውስጥ የእሱን ሸማ ያልለበሰ ሰው ካለ፣ ወይ ስስታም ነው ወይ ከእኔ ጋር የተጣላ ነው። ታንጉት ምላሷ ረዥም ነው ይሉኛል፤ ይበሉኝ! እኔ እፈትላለሁ፣ እሱ ይሸምናል፤ ሥራችን ከቤት አይወጣም። ሸማኔ ደግሞ ቤቱ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ እግሩን እዚያ ከቶ፣ ድሩ ላይ አቀርቅሮ ነው የሚውለው። ያርጋል ከልጅነቱ ጀምሮ እንዳቀረቀረ ነው።

«አንተ ሰው፣ እስቲ ወጣ ብለህ ፀሐይ ሙቅ!» ስለው፣ «ማጉ ይለቅ» ይላል። ማግ መቼ አልቆ ያውቃል?

መጀመሪያ ወገቡን አመመው፤ ቀጥሎ አንገቱ ደረቀ። ጨው አሙቄ በጨርቅ ጠቅልዬ ወገቡ ላይ አደርግለታለሁ፣ በቅቤ አሸዋለሁ፤ ጠበልም ተጠመቀ። ወጌሻው ላቀው መጥቶ ዳበሰውና፣ «የተሰበረም የወለቀም የለው፤ ምኑን ልጠግን? ከዚያ ጉድጓድ ካልወጣ አይድንም» አለ።

«ታዲያ ጦሜን ልደር?» አለው ያርጋል። እውነቱን ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። የብሔራዊ ውትድርናው ነገር መጣና ቀበሌው የልጃችንን የደምለውን ስም ጠራ። ደምለው አንድያዬ ነው። ሊቀመንበሩ እግር ሥር ወድቄ ለመንኩ፤ «እናት አገርም እናት ናት» ብሎ አለፈኝ። እያለቀስኩ ቤቴ ገባሁ። ያርጋል ግን እንባም አላወጣ። «ልጄን ብርድ አያገኘውም፤ የእኔን ጋቢ ለብሶ ነው የሚሄድ» አለና ድሩን ዘረጋ።

ጋቢ አራት እጥፍ ነው፤ ጤነኛ ሸማኔም በችኮላ አይወጣውም። የተጠሩትን ልጆች የሚወስደው መኪና የሚመጣው ደግሞ ለቅዳሜ ነው። ጠዋት ጠዋት እኔና ደምለው በብብቱ ይዘን ጉድጓዱ ውስጥ እናስገባዋለን፤ ሲመሽ እንደተጣጠፈ እናወጣዋለን። መወርወሪያውን በወረወረ ቁጥር ያቃስታል።

«ይተዉት አባባ፣ ምን ያደርግልኛል» ይላል ልጁ።

«ዝም በል! ያባትህን እጅ አትናቅ።»

እኔ ልሸምንለት ብዬ ነበር፤ ሳየው ኖሬ ሥራው አይጠፋኝም። ቱግ አለ። «ሴት ከሸማኔ ጉድጓድ! አገር ልታስቂብኝ ነው?» ዕድሜውን ሙሉ በሸማኔነቱ ንቀው «ቁጢት በጣሽ» እያሉ ለሚሰድቡት ሰዎች ሳቅ ይጨነቃል! ተናድጄ ተውኩት።

ዓርብ ከሰዓት ጨረሰ። እኔ ዳር ዳሩን ሰፋሁት። ጋቢ ይሏል እሱን! የሊማሊሞ ነፋስ አያልፈውም። ያርጋልን ከጉድጓዱ ስናወጣው ግን አንገቱ አልተነሳም፤ አገጩ ደረቱ ላይ ቀረ። «ሲያድር ይለቀኛል» አለ። አድሮም አልለቀቀውም።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ የቀበሌው ሰዎች ደምለውን ጋቢውን ሳይዝ ወሰዱት። ያርጋል ጋቢውን በገዛ እጁ ካልሰጠሁ አለ። እኔ እየመራሁት፣ እሱ መሬት መሬቱን እያየ ወደ ቀበሌው ሄድን። ስንደርስ ልጆቹ ካሚዮኑ ላይ ተጭነዋል፤ ወታደሩ አያስጠጋም። ያርጋል ጋቢውን ዘረጋ፤ እጁም ከፍ አይልለት። ተቀብዬ ላንዱ ልጅ አቀበልኩ፣ እጅ በእጅ ሄዶ ደምለው ደረሰው።

«ለበሰው?» ይለኛል ያርጋል።

«ለበሰው። አምሮበታል።»

ያኔ ከላይ «አባባ!» አለ ልጄ። «አባባ፣ ቀና በሉ እንጂ! ልይዎ!»

ሞከረ። እመብርሃን ምስክሬ ናት፣ ጥርሱን ነክሶ ሞከረ። አገጩን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ላይ ብገፋው ጮኸ፤ ደንግጬ ለቀቅሁት። ወገቡን ደግፌ ወደ ኋላ ላጋድለው ስል መኪናው ተነሳ። «አባባ! አባባ!» እያለ፣ እያለቀሰ ራቀ። ያርጋል ያየው ጎማውን ብቻ ነው።

አቧራው ውስጥ ቆመን፣ «ታንጉት፣ ፊቱ ምን ይመስል ነበር?» አለኝ።

«ይስቅ ነበር» አልኩት።