ሳላይ የፈረምኩበት ሥልጠና

ይህን ከአንዲት አሮጊት በቀር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴ አታውቅም። ንስሐ አባቴ ፊት ስንቱን ስዘረዝር ይህን ዘልዬዋለሁ። ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ይሆን? ይሆናል።

ሥራዬ ግምገማ ነበር። አሠሪና ሠራተኛ የሚያገናኙ ሰዎች፣ ድሮ ደላላ የምንላቸው፣ ሠልጥነው ሰርተፍኬት ካልያዙ ፈቃድ አያገኙም ተባለ። ማሠልጠኛዎቹን እየዞርኩ ነጥብ የምሰጠው እኔ ነበርኩ። መርካቶ ውስጥ ሁለት ደረሱኝ። አንዱ ሶማሌ ተራ፣ አዲስ ሕንፃ ላይ ነው፤ በሁለት ቀን ያስመርቃል፣ ፕሮጀክተር አለው፣ ሰነዱ ሁሉ በሥርዓት ተጠርዟል። ሌላው አብነት ሰፈር፣ ከጨርቅ መደብር በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። የእትዬ ራሕመት።

እትዬ ራሕመት ዕድሜያቸውን ሙሉ የቤት ሠራተኛ ሲያገናኙ የኖሩ ሴት ናቸው። ሥልጠናቸው ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ሰነድ ስጠይቃቸው አንድ ያረጀ ደብተር አቀበሉኝ። ፊቴን አይተው ገባቸው።

«ልጄ፣ የእኔ ትምህርት ወረቀት ላይ ብዙም የለም» አሉኝ። «ሐሙስ ጠዋት ሠልጣኞቼን ይዤ አሠሪዎች ቤት እሄዳለሁ። ልጅቷ የምታድርበትን ክፍል ገብተው ያያሉ። በሩ የሚቆለፈው ከውስጥ ነው ከውጭ ብለው ይጠይቃሉ። ይህን ሳያዩ የሰው ልጅ ለሰው አይሰጥም። መጥተህ እይልኝ።»

«እመጣለሁ፣ እትዬ» አልኳቸው።

አልሄድኩም። ሐሙስ ዝናብ ጣለ። ሲኒማ ራስ ከታክሲ ወርጄ አንድ ካፌ ገባሁ፣ ማኪያቶ አዘዝኩ፣ ቅጹን አወጣሁ። «የተግባር ልምምድ» የሚል ቦታ አለው። «አላየሁም» ብዬ መጻፍ እችል ነበር። «የለም» ብዬ ጻፍኩ። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ማንም አላዘዘኝም። ጉቦ እንኳ አልበላሁም። ጫማዬ ጭቃ እንዳይነካው ብዬ ነው፤ ሌላ ምክንያት ስፈልግ ኖሬ አላገኘሁም። ለሶማሌ ተራው ማሠልጠኛ ግን እዚያው ተቀምጬ ሙሉ ነጥብ ሰጠሁት።

የእትዬ ራሕመት ሥልጠና ተዘጋ። ቢሮ ድረስ መጡና አለቃዬ ባለበት ጠየቁኝ።

«ሐሙስ ጠብቄህ ነበር፤ መጥተሃል እንዴ ልጄ?»

«መጥቼ በሩ ዝግ ነበር» አልኩ።

ይኼኛው ውሸት ከመጀመሪያው ይልቅ ቀለለኝ። እንዴት ቀለለኝ? እሳቸው ዓይን ዓይኔን ትንሽ አዩኝና ሻርፓቸውን አስተካክለው ወጡ።

ዓመት ሳይሞላ አንድ አቤቱታ መጣና አጣራ ተብዬ ተላክሁ። ሰሚራ የምትባል ከገጠር የመጣች ልጅ ናት። የተቀጠረችበት ቤት ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ እያስተኙ ከውጭ ይቆልፉባት ነበር። አንድ ቀን በመስኮት ዘለለች፤ ከሁለተኛ ፎቅ። ዳሌዋ ተሰበረ።

ያስቀጠረቻት ሕይወት የምትባል ወጣት ናት። ሰርተፍኬቷ የሶማሌ ተራው ነው።

«ቤቱን አይተሽው ነበር?» አልኳት።

«ኧረ አላየሁትም። ማየት እንዳለብኝ ማን ነገረኝ? ሁለቱንም ቀን ያስተማሩን ፎርም አሞላል ነው» አለችና አለቀሰች።

ሆስፒታል ሄጄ ሰሚራን አየኋት። ስሟን ጠየቅኋት፣ ነገረችኝ። ከዚያ እሷ እኔን ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ በር ክፍት ነው?»

ክፍት ነው አልኳት። ልትነሳ እንኳ የማትችል ልጅ ደግማ ጠየቀችኝ። ሄጄ ገፋ አድርጌ አሳየኋት። ዛሬም መርካቶ ውስጥ ባለሱቆች ሲዘጉ የጓጉንቸር ድምፅ ስሰማ ድምጿ ይመጣብኛል። በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው ግፊያ መሀል ቆሜ ያልበኛል።

እና ምን አደረግሁ? ቢሮ ተመልሼ «የአገናኟ የግል ቸልተኝነት» ብዬ ጻፍኩ። ሕይወት ፈቃዷን ተነጠቀች። እኔ ዕድገት አገኘሁ። የእኔ ስም በዚያ ወረቀት ላይ ያለው አጣሪ ተብሎ ነው። አጣሪ!

ከዓመታት በኋላ፣ ባለፈው ሰኞ፣ አብነት ሄድኩ። እትዬ ራሕመት ከታች ካለው የጨርቅ መደብር፣ ከልጃቸው ጋር ተቀምጠዋል። አርጅተዋል። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሐሙሱን፣ «የለም» ያልኩትን፣ ሰሚራን። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«እኔማ ቤት አለኝ፣ ልጆች አሉኝ» አሉ በመጨረሻ። «ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ለልጅቷ ንገራት። አውቃታለሁ፤ ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ እዚሁ ከጀርባችን ቅመም ትሸጣለች።»

ሄድኩ። ሰሚራ ዱካ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ክራንቿን ግድግዳው ላይ አስደግፋለች። አላስታወሰችኝም።

«ምን ልስጥዎት ጋሼ?» አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ። ከኋላዬ ሌላ ገዢ ቆሟል።

«ሩብ ኪሎ ኮረሪማ» አልኩ።

መዘነችልኝ፣ በላዩ ትንሽ ጨመረችልኝ፣ «በረካ ያርግልዎት» አለችኝ። ይዤ ወደ ቤቴ ገባሁ። ሳምንት ሊሆነኝ ነው፤ አልተመለስኩም። ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ማለት የምትችለው እሷ ናት፤ እሷ ደግሞ እስካሁን የምታውቀኝ እንደ ገዢ ነው።